ያልተመዘገበ ሁሉ ተራ ድንጋይ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከዓለም ገና ነው። ሙያዬ ቅየሳ ነው። መንገድ ሲጀመርም፣ የድንጋይ ማውጫ ካባ ሲከፈትም፣ ሕንጻ ሲታሰብም መሣሪያዬን ተሸክሜ ቀድሜ የምደርሰው እኔና ባልደረቦቼ ነን። ስለዚህ ልማትን ከውጭ ሆኖ እንደሚተች ሰው አትዩኝ፣ እንጀራዬም እሱው ነው። ግን አንድ ነገር ከልቤ አስቆጥቶኛል። እናንተም አንባቢዎቻችሁም እንድትሰሙት እፈልጋለሁ።

ነገሩ የድንጋይ ክምር ነው።

ከሰፈራችን ወጣ ብሎ አንድ ጉብታ አለ። አናቱ ላይ ክብ ሆኖ የተከመረ ድንጋይ ነበር፣ አሁን የቀረው ግማሹ ነው። ከሩቅ ያየው ሰው ገበሬ ከማሳው ለቅሞ የጣለው ሊመስለው ይችላል። አይደለም። ገበሬ የለቀመው ድንጋይ የሚገኘው ማሳ ዳር ነው፤ ትንሹም ትልቁም ተቀላቅሎ፣ ቅርጽ ሳይኖረው፣ በየዓመቱ እየተጨመረበት ይሄዳል። ይሄኛው ያለው ታርሶ በማያውቅ አናት ላይ ነው። ዙሪያውን ትልልቅ ድንጋዮች ጎን ለጎን ተደርድረው ቀለበት ሠርተዋል፣ መሃሉ ደግሞ ተመርጦ የመጣ በሚመስል ተመጣጣኝ ድንጋይ ተሞልቷል። ድንጋዩም የጉብታው አይደለም። ከጉብታው ጎን የሚወጣው አለት ቀለሙ ሌላ ነው፤ እንደ ክምሩ ያለ ጥቁር ድንጋይ የማውቀው ከታች ወንዙ ዳር ብቻ ነው። እንግዲህ ያን ሁሉ ድንጋይ ዳገት ያወጡ ሰዎች ምክንያት ነበራቸው ማለት ነው።

የአካባቢው ሽማግሌዎች ምክንያቱን ከአባቶቻቸው ሰምተዋል። አንድ ሁላችንም የምናከብራቸው አዛውንት፣ «ልጄ፣ አባቶቻችንም እንዲሁ ተከምሮ ነው ያገኙት። የጥንት ሰዎች መቃብር ነው ሲባል ነው የሰማነው። እረኛ ሆነን እንኳ እዚያ ላይ አትውጡ እንባል ነበር» አሉኝ። ስንት ትውልድ እንዲህ እየተባባለ ሳይነካው ኖረ። አጥር አልነበረውም፣ ጠባቂ አልነበረውም፣ የሰው አፍ ብቻ ነው የጠበቀው።

ከዚያ ከጎኑ ካባ ተከፈተ። ሎደሩ መጀመሪያ የነካው ታዲያ አለቱን አይደለም፣ ክምሩን ነው። ለምን ቢባል፣ አለት መፈንዳት አለበት፤ ይቦረቦራል፣ ድማሚት ይገዛል፣ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ሰው ከአካባቢው እንዲርቅ ይደረጋል። ክምሩ ግን ተለቅሞ የተዘጋጀ ድንጋይ ነው። ሎደሩ ዝቅ ብሎ ማንሳት፣ ሲኖትራኩ ላይ መገልበጥ፣ በቃ። ወደ ክሬሸሩ ሄዶ ጠጠር ሆነ።

እኔ ስደርስ ግማሹ አልቋል። በተቆረጠው በኩል ቀጥ ብለው የቆሙ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ይታያሉ፣ በመሃላቸው ከጉብታው አፈር የተለየ ጠቆር ያለ አፈር አለ፣ አፈሩ ውስጥ የሸክላ ስባሪ አለ። ፎርማኑን «ወንድሜ፣ እባክህ ይሄን ለጊዜው ተወው፣ ሰው አይቶት ይወሰን» አልኩት። መጥፎ ሰው አይደለም፣ እውነቱን ልናገር። «እኔ ምን ቸገረኝ፣ አቁም የሚል ወረቀት አምጣልኝ» አለኝ። ልክ ነው፣ እሱም ታዞ ነው የሚሠራው።

ወረቀት ፍለጋ ሄድኩ። የገባሁበትን ቢሮ ስም አልጠራም፣ ጉዳዬ ከአንድ ቢሮ ወይም ከአንድ ሠራተኛ ጋር አይደለም። የተጠየቅኩት የመጀመሪያ ጥያቄ «ተመዝግቧል ወይ?» የሚል ነው። አልተመዘገበም አልኩ። «እንግዲያው ቅርስ አይደለማ» ተባልኩ። እንዲመዘገብ ምን ላድርግ ስል ወደ ሌላ ቢሮ ተላኩ፤ እዚያ ደግሞ ቦታው በማን ክልል ውስጥ ነው፣ የአዲስ አበባ ነው ወይስ የሸገር ከተማ የሚለው ጥያቄ መጣ። እዚህ ዳር ላይ የምንኖር ሰዎች ይሄን ጥያቄ በውሃም በመታወቂያም ለምደነዋል። ድንጋዩ ግን እንደ እኛ ተመላልሶ አይጠብቅም።

አሁን ሎደሩ የቆመው ክረምቱ መንገዱን ስላበላሸው ብቻ ነው። መስከረም አልፎ መሬቱ ሲጠነክር ይመለሳል። የምጽፍላችሁም ከዚያ በፊት ነገሩ ይሰማ ብዬ ነው።

«ያልተመዘገበ ቅርስ አይደለም» የሚለው መልስ ነው ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝ። መመዝገብ ያለውን ነገር ማወቂያ እንጂ መፍጠሪያ አይደለም። ጥያ ሳይመዘገብ በፊትም ጥያ ነበረ። ከዓለም ገና ተነስታችሁ የቡታጅራን መንገድ ይዛችሁ ውረዱና እዩ። መጀመሪያ አዋሽን ስትሻገሩ መልካ ቁንጡሬ አለ፤ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰው ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ እየተመላለሰ የኖረበት፣ የድንጋይ መሣሪያ የሠራበት፣ ከአጠገቡ ባልጪት ከሚባለው ቦታ ባልጩት ድንጋይ የቆረጠበት ቦታ ነው። ይሄ ቦታ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ታዲያ እስከዚያ ድረስ ተራ ገደል ነበር ልንል ነው? ትንሽ ዝቅ ስትሉ ጥያ ትደርሳላችሁ። 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፣ 32ቱ ሰይፍና ሌላ ሌላ ምልክት ተቀርጾባቸዋል። እነሱ እ.ኤ.አ. በ1980 ተመዘገቡ። ሕዝቡ ብዙ ጊዜ «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል፣ ነገር ግን ሲቆፈር የተገኘው መቃብር ከግራኝ አህመድ ዘመን በፊት የነበሩ ሰዎች መቃብር ነው። በሶዶ አካባቢ ብቻ እንዲህ ያለ ወደ 160 የሚሆን ቦታ መገኘቱን ዩኔስኮ ራሱ ጽፏል። ታዲያ ከእነዚያ ውስጥ የመንገድ ምልክትና አጥር ያለው ስንቱ ነው? መንገደኛው የሚያውቀው ጥያን ብቻ ነው።

ትክል ድንጋይ ደግሞ ዕድለኛ ነው፣ ይታያል። ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ቅርጽ አለው፣ ሰው ፎቶ ይነሳበታል። ክምሩ ግን ይህ ዕድል የለውም። ሆኖም አገራችን ውስጥ ብዙ የጥንት ሰው የተቀበረው በክምር ድንጋይ ሥር ነው። በምሥራቅ፣ በጨርጨር ተራሮች፣ በጠፍጣፋ ድንጋይ እንደ ሣጥን የተሠሩ መቃብሮች አሉ፤ ጥንታዊዎቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ሺህ ዓመት፣ ማለትም ከ3,000 ዓመት በፊት የተሠሩ ናቸው። በዚያው አካባቢ ደግሞ ከ8ኛው እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ የተሠሩ ክብ የድንጋይ ክምሮች አሉ። እነዚህንም፣ ጥያንም ያጠናው ሮጀር ዡሶም የተባለ ፈረንሳዊ አርኪዮሎጂስት ነው። ወደ ሰሜን ሸዋ፣ ወደ መንዝ ስትወጡ ደግሞ ተመራማሪዎች የሻይ ባህል ያሉት አለ፤ ስሙ ከሻይ ወንዝ የመጣ ነው። ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ሙታናቸውን በትልልቅ ክምር ሥር፣ ከሸክላ ዕቃና ከብዙ የብርጭቆ ዶቃ ጋር የቀበሩ ሰዎች ናቸው። አቀባበራቸው የክርስቲያንም የሙስሊምም አልነበረም። አስቡት፣ የዛጉዌ ነገሥታት ላሊበላን ሲያንጹ እነዚህ ሰዎች እዚያው አገር ውስጥ በራሳቸው ሥርዓት እየኖሩ ነበር። በትምህርት ቤት ስለ እነሱ አንድ መስመር እንኳ ተምሬ አላውቅም። ስለ እነሱ ያወቅነው ከመጽሐፍ አይደለም፣ ከክምሩ ሥር ነው። ክምሩ ጠጠር ሆኖ ቢሆን ኖሮ ያ ሕዝብ ጨርሶ እንዳልነበረ ይቀር ነበር።

ከድንበር አለፍ ስንል ደግሞ ኬንያ ውስጥ፣ ከቱርካና ሐይቅ በስተ ምዕራብ ሎታጋም የሚባል ቦታ አለ። የዛሬ 5,000 ዓመት ገደማ አካባቢ ከብት አርቢዎች የሠሩት የጋራ መቃብር ነው። ዙሪያው የድንጋይ ክቦችና ክምሮች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ጥናት ቢያንስ 580 ሰው እዚያ እንደተቀበረ ገልጿል። ወንድ፣ ሴት፣ ሽማግሌ፣ ሕፃን፣ ሁሉም አብረው፣ ሁሉም ከነጌጣቸው። አንዱ ጌታ ሌላው ሎሌ የነበረበት ምልክት አልተገኘም። ይሄንን የነገረን ቤተ መንግሥት አይደለም፣ ምድረ በዳ ላይ የቆመ የድንጋይ ክምር ነው።

አሁን ወደ ፈረንጅ አገር ልውሰዳችሁ። የምወስዳችሁ ፈረንጅ ይሻላል ለማለት አይደለም። እነሱም ልክ የእኛን ነገር እንዳደረጉ ለማሳየት ነው።

በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ባሕር ዳር፣ ባርኔኔዝ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ከ6,500 ዓመት በፊት፣ በአዲሱ የድንጋይ ዘመን፣ የመጀመሪያዎቹ አራሾች የሠሩት ግዙፍ የድንጋይ ክምር መቃብር ይገኛል። ርዝመቱ ከ70 ሜትር በላይ ነው፣ ውስጡ 11 የመቃብር ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ የራሱ ጠባብ መግቢያ አለው። ከግብጹ የጊዛ ፒራሚድ በ2,000 ዓመት ይበልጣል። ታዲያ ይሄ ነገር እ.ኤ.አ. በ1955 ምን ሆነ መሰላችሁ? መሬቱ የግል ይዞታ ነበር። አንድ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ እንደ ካባ ተጠቀመበት። አዎ፣ ለመንገድ የሚሆን ድንጋይ! አጠገቡ የነበረውን አነስተኛ ክምር ቀድሞ ጨርሶታል፣ ከእሱ ምንም አልተረፈም ማለት ይቻላል። ወደ ትልቁ ተሻግሮ ጎኑን ሲበላ የመቃብሩ ክፍሎች ወለል ብለው ተከፈቱ። ደግነቱ አንድ ጋዜጠኛ አይቶ ጮኸ። ሥራው ቆመ። በማግስቱ ዓመት በመንግሥት ጥበቃ ሥር ገባ። ፒየር ሮላን ጂዮ የሚባል አርኪዮሎጂስት ቁፋሮውንና ጥገናውን እስከ 1968 ድረስ መራው።

ዛሬ ባርኔኔዝን የሚጎበኝ ሰው ያን የካባ ቁስል እንዳለ ያየዋል። መልሰው አልደፈኑትም፣ የተቆረጡትን ክፍሎች እንደ ተከፈቱ ተዉአቸው። ሰው ከውጭ ቆሞ ውስጡ እንዴት እንደተሠራ ያያል። ያ ተቋራጭ ክፉ ሰው ስለነበረ አይደለም ያፈረሰው። እንደ እኛ ፎርማን ነው፣ የተዘጋጀ ድንጋይ አየ፣ አነሳ። ጋዜጠኛ ባይደርስለት ዛሬ አስፋልት ሥር ነበር። ለእናንተ ለጋዜጠኞች መጻፌም በዚህ ምክንያት ነው።

አየርላንድ ውስጥም እንዲሁ ነው። ኒውግሬንጅ የሚባለው ከ5,000 ዓመት በላይ የሆነው መቃብር በሩ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1699 ለመንገድ ድንጋይ ሲነሳ ነው። እግዜር ይስጠው፣ ያኔ ድንጋይ መልቀሙ ቀርቶ ሰው ገብቶ ወደ ማየት ዞረ። ከ1962 እስከ 1975 በሥርዓት ሲቆፈርና ሲጠገን አንድ አስደናቂ ነገር ታወቀ። በዓመቱ አጭር ቀን፣ ታኅሣሥ አጋማሽ ገደማ ላይ፣ ፀሐይ ስትወጣ ብርሃኗ ከበሩ በላይ በተተወች ቀዳዳ ገብቶ ረጅሙን መተላለፊያ አልፎ እስከ ውስጠኛው ክፍል ይደርሳል። ለጥቂት ደቂቃ ብቻ። እኔ ቀያሽ ስለሆንኩ ይሄ ነገር ያንቀጠቅጠኛል። ያለ መሣሪያ፣ ያለ ብረት፣ በዓይንና በትዕግሥት ብቻ እንዲህ ያለ አቅጣጫ የያዙ ሰዎች ነበሩ። ድንጋዮቹ ከቦታቸው ጥቂት ቢዛነፉ ኖሮ ብርሃኑም አይገባም፣ እኛም አናውቅም ነበር።

ለዚህ ነው «ድንጋዩን ወደ ጎን አንስተን በኋላ መልሰን እንከምረዋለን» የሚለው ሐሳብ የማይሠራው። ይሄንንም ሳይት ላይ ሰምቼዋለሁ፣ በቅን ልቦና የተባለ ነው። የክምር መቃብር ዋጋው ድንጋዩ ውስጥ አይደለም ያለው፣ አቀማመጡ ውስጥ ነው። የትኛው ከየትኛው በታች ነው፣ አፈሩ የት ላይ ቀለሙን ለወጠ፣ ከሰሉ ከአጥንቱ ሥር ነው ወይስ ከላይ፣ ዶቃው አንገት አካባቢ ነው ወይስ በር ላይ። ዕድሜው የሚታወቀው ከከሰልና ከአጥንት ነው፤ ከሰሉ ከቦታው ከተነቀለ የማንን ዕድሜ እንደሚናገር አይታወቅም። አንዴ በሎደር ከተገለበጠ በኋላ ዓለም ላይ ያሉ ፕሮፌሰሮች ሁሉ ቢሰበሰቡ መልሰው አያነቡትም።

እንግሊዞች ይሄ የገባቸው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ጥንታዊ ሐውልቶችን የሚጠብቅ ሕግ ሲያወጡ የመጀመሪያው ዝርዝር 70 ቦታ እንኳ አይሞላም ነበር፣ አብዛኛው ታዲያ እንዲህ ያለ የድንጋይ መቃብርና የትክል ድንጋይ ክብ ነው። ኒውግሬንጅም አየርላንድ ያኔ በእነሱ ሥር ስለነበረች እዚያ ዝርዝር ውስጥ ነበር። ዛሬ በእንግሊዝ ብቻ ወደ 20,000 የሚጠጋ ቦታ በዚህ ዓይነት ጥበቃ ሥር ነው። የገረመኝ የቁጥሩ ብዛት አይደለም። መሬቱ ከባለቤቱ አይነጠቅም። ገበሬው ገበሬ ሆኖ ይቀጥላል፣ በጎቹም ክምሩ ዙሪያ ይግጣሉ። የተከለከለው ያለ ፈቃድ መቆፈር፣ ድንጋይ ማንሳት፣ ማፍረስ፣ በብረት ፈላጊ መሣሪያ መፈተሽ ነው። እዚህ እኛ ጋ ቅርስ አለ የሚል ወሬ ሲነሳ ገበሬው መሬቴን ሊወስዱብኝ ነው ብሎ ይሰጋል፣ ሰግቶም ዝም ይላል። እውነቱን ነው፣ በዳር አገር መሬት ያለው ሰው ስንቱን አይቷል። መሬቱ እንደማይነካበት አስቀድሞ በግልጽ ቢነገረው የመጀመሪያው ጠባቂ እሱ ይሆን ነበር።

የእኛስ ሕግ ምን ይላል? ሕግ የለንም ብላችሁ እንዳታስቡ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። የቅድመ ታሪክና የአርኪዮሎጂ ቦታን የማይንቀሳቀስ ቅርስ ብሎ ይቆጥራል። በማዕድን ቁፋሮ፣ በሕንጻም ሆነ በመንገድ ሥራ ላይ፣ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ለባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ ባለበት እንዲጠብቀው ያዛል። ባለሥልጣኑ ደግሞ መርምሮ የመመዝገብ ግዴታ አለበት። ቅርሱን ላገኘው ሰው ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው፣ ያወጣው ወጪ ካለም እንዲተካለት ይላል። ልብ በሉ፣ በዚህ ሕግ ማግኘትና ማሳወቅ ይቀድማል፣ መመዝገብ ይከተላል። «አልተመዘገበም» ብሎ ሰው መመለስ ሕጉን ገልብጦ ማንበብ ነው።

ነገር ግን በዚህ ሕግ ላይም አንድ ክፍተት ይታየኛል፣ ዋናው ጉዳዬም እሱ ነው። ሕጉ የሚተማመነው ያገኘው ሰው ቅርስ መሆኑን ያውቃል በሚል ነው። ገንቦ ያገኘ ያውቃል። ሳንቲም ያገኘ ያውቃል። የተቀረጸ ድንጋይ ያገኘ ያውቃል። ድንጋይ ሊያነሳ የተላከ የሎደር ኦፕሬተር ግን የድንጋይ ክምር ሲያይ የሚያየው ሥራውን ነው። ቅርስ አገኘሁ ብሎ የሚያስብበት ምክንያት የለውም። ውስጡን አይቶ የሚጠራጠረው ካፈረሰው በኋላ ነው። ስለዚህ ለክምር መቃብር «ስታገኝ አሳውቅ» የሚለው ሕግ ሁልጊዜ ይዘገያል። ለእሱ የሚሠራው አንድ መንገድ ብቻ ነው፣ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ማየት።

ይሄ ደግሞ አዲስ ነገር መፍጠር አይጠይቅም። በአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ላይ ተጽዕኖ ሲባል በባህላዊ ቅርስ ላይ የሚደርሰውንም እንደሚጨምር ተጽፏል። በወረቀት ላይ አለ። ሥራ ላይ ስንመጣ ግን የማየው ግምገማ ስለ አቧራ፣ ስለ ድምፅ፣ ስለ ዛፍ፣ ስለ ወንዝ ይዘረዝርና ስለ ቅርስ «በአካባቢው የታወቀ ቅርስ የለም» የምትል አንድ መስመር ተጽፋ ያልፋል። ማን ጠይቆ ነው? ጉብታው ላይ ማን ወጥቶ ነው? ሽማግሌ ማን አነጋግሮ ነው?

እንደ ባለሙያ የማቀርበው ሐሳብ በጣም ቀላል ነው። እኛ ቀያሾች አንድ ቦታ ስንለካ ያለውን ሁሉ ካርታ ላይ እናወጣለን። የመብራት ምሰሶ እናወጣለን፣ ዛፍ እናወጣለን፣ ምንጭ፣ አጥር፣ ጎጆ፣ የእግር መንገድ ሳይቀር። የድንጋይ ክምር፣ የቆመ ድንጋይ፣ ዋሻና ያረጀ ካብም በዚያው ካርታ ላይ በግዴታ እንዲወጣ ይደረግ። ተጨማሪ ወጪው ምንም ነው፣ ሰውየው እዚያው ቆሟል። ካርታው ላይ ክምር ከታየ የካባው ወይም የገረጋንቲው ፈቃድ ከመፈረሙ በፊት የባህልና ቱሪዝም ባለሙያ ሄዶ ይየው፣ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ይጠይቅ። ተራ ክምር ከሆነ ይነሳ። መቃብር ከመሰለ ዙሪያው ይከለል፣ ካባው በሌላ በኩል ይቀጥል። እስኪታይ ድረስ ደግሞ «አልተመዘገበም» የሚለው መልስ ለማፍረስ ፈቃድ ሆኖ መቆጠሩ ይቅር። ቦታው የማን ነው የሚለውን አዲስ አበባና ሸገር ቁጭ ብለው ይነጋገሩበት፣ እስከዚያው ግን ቀድሞ የተነገረው ቢሮ የማስቆም ሥልጣን ይኑረው።

የወጣቶቹን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። እዚያ ካባ ላይ ተደራጅተው የሚሠሩ የሰፈራችን ልጆች ናቸው፣ አብዛኞቹን በስም አውቃቸዋለሁ። ሥራ ፈትተው ከሚቀመጡ ድንጋይ ሰብረው ቤተሰብ ቢረዱ እኔም ደስ ይለኛል። ካባው ይዘጋ አላልኩም፣ አልልምም። ጉብታው ሰፊ ነው። ክምሩ ያረፈበት ቦታ ከካባው ስፋት ጋር ሲታይ ኢምንት ነው፣ ድንጋዩም ቢነሳ የጥቂት ቀን ጭነት ነው። ለጥቂት ቀን ጭነት የሺህ ዓመት ነገር መሸጥ ለልጆቹም አይጠቅማቸውም። ጥያ አካባቢ ለጎብኚ አስጎብኚ ሆነው፣ ቡና አፍልተው የሚያድሩ ሰዎች አሉ። ሁሉም ክምር ጥያ አይሆንም፣ ግን ከተፈጨ በኋላ የሚሆነው ነገር ምንም የለም።

ሌላ አሳሳቢ ነገር አለ። ክምሩ ከተከፈተ ወዲህ «ወርቅ አለበት» የሚል ወሬ ተነስቷል፣ ማታ ማታ የሚቆፍር ሰው መምጣት ጀምሯል። እባካችሁ ይሄን ለአንባቢዎቻችሁ ንገሩልኝ። ከላይ በጠቀስኳቸው የአገራችን መቃብሮች ሲቆፈር በብዛት የወጣው አጥንት፣ የሸክላ ዕቃና ዶቃ ነው። ለአርኪዮሎጂስት ትልቅ ነገር ነው፣ ለሌባ ገበያ የማያወጣ ነው። ደግሞም መቃብር ነው። ማንም ይሁን፣ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን፣ ሰዎቹ እያለቀሱ የቀበሩት ሰው ነው። የአያቶቻችን መቃብር በሌሊት ቢቆፈር ምን ይሰማን ነበር?

እንዲህ ያለ ክምር በአካባቢው የሚያውቅ አንባቢ ካለ ደግሞ፣ ዓለም ገናም ይሁን ሱሉልታ፣ ለገጣፎም ይሁን ገላን፣ ወጥቶ ፎቶ ያንሳው። ከአራቱም አቅጣጫ፣ አንድ ሰው አጠገቡ አቁሞ፣ መጠኑ እንዲታወቅ። የስልኩን ጂፒኤስ ቁጥር ይመዝግብ። ድንጋይ አያንሳ፣ «ላጽዳው» ብሎ ቁልቋሉን ከሥሩ አይንቀል፤ ሥሩ ሲነቀል ከታች ያለውንም ይዞ ይወጣል። የሸክላ ስባሪ ካየ ባለበት ይተወው። ከዚያ በጽሑፍ አመልክቶ ቀን ያለበት ማኅተም ይቀበል። በቃል የተነገረ ነገር በነጋታው ማንም አያስታውሰውም፣ ደብዳቤ ግን ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፣ በኋላ «አልሰማንም» ማለት አይቻልም። እኔም አሁን እያደረግኩ ያለሁት ይሄንኑ ነው።

ለእናንተ ያለኝ ጥያቄ ሦስት ቃል አይሞላም፣ መጥታችሁ እዩት። ፎቶ አንሺ ላኩ። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን አንድ ባለሙያ አብሮ እንዲመጣ በጋዜጣው ስም ጠይቁልኝ፤ የጋዜጣ ጥያቄ ከአንድ ቀያሽ ማመልከቻ ይልቅ ቶሎ መልስ እንደሚያገኝ አውቃለሁ። የጉብታውን ስምና ትክክለኛ ቦታ ግን አደራ፣ ባለሙያ ሳያየው በፊት አትጻፉት፤ ወርቅ ፈላጊውን ሁሉ አድራሻ ሰጥተን እንዳንጠራው። ቦታውን ከነፎቶው ለዝግጅት ክፍሉ ብቻ በተለየ ፖስታ አያይዣለሁ፣ ስልኬም እዚያው ላይ አለ። ሎደሩ ሳይመለስ፣ ጥቅምት ሳይገባ ብትደርሱ፣ በፈለጋችሁት ቀን ጉብታው ድረስ ይዣችሁ እወጣለሁ፤ እኒያ አዛውንትም አብረውን ለመውጣት ፈቅደዋል።

አክባሪያችሁ
ቀያሹ፣ ከዓለም ገና